የመዘንኳቸው ሰዎች

ሠላሳ ዓመት ያህል የሰው ክብደት ስመዝን ኖሬ ባለፈው ሐምሌ ጡረታ ወጣሁ። ነርስ ነኝ። አዋልጃለሁ፣ ክትባት ሰጥቻለሁ፣ ቁስል አጥቤያለሁ፤ ትልቁን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ግን ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች በሚታዩባት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። በስንብቱ ቀን ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ። ኃላፊያችንም ንግግር አደረገና፣ "ሲስተር የሺ በሥራ ዘመኗ አንድም እንከን ያልተገኘባት ሠራተኛ ናት" አለ። ተጨበጨበ። ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ያቺ ንግግር አላስቀምጥ አለችኝ፤ እንከን አለብኝና።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። የሰው ምስጢር ያለበት ታሪክ ስለሆነ የሕመምተኞቼን ስም ቀይሬያለሁ። የጤና ጣቢያውንም ስም አልጠራም፤ ቆቦ አካባቢ ነው ማለት ይበቃል።

ሥራ የጀመርኩት ሮቢት ነው፣ በሰማንያዎቹ ውስጥ። ክሊኒካችን ሁለት ክፍል ነበራት። ከአውራ ጎዳናው ዳር ስለነበረች የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር የመድኃኒት መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል። ደመወዜ ትንሽ ነበር፤ እሱን ልተወው። ኃላፊዬ ጋሽ አራጋው ይባላሉ። በወጣትነታቸው ድሬሰር ሆነው ቁስል በማጠብ ጀምረው ኋላ ጤና ረዳት የሆኑ፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። ትምህርት ቤት ከተማርኩት ይልቅ ከእሳቸው የተማርኩት ይበዛል።

ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ሚዛኑ ላይ መውጣት ነው። "እኔ ሃምሳ ስምንት ነኝ። ዛሬ ሃምሳ ስድስት ካለ፣ የከሳሁት እኔ ሳልሆን የተበላሸው እሱ ነው" ይሉና ሚዛኑን ያስተካክላሉ። ሕመምተኛ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ከነኩም በኋላ ይታጠባሉ። ለምን ሁለት ጊዜ ብዬ ስጠይቃቸው፣ "በኋላ ብቻ ከታጠብኩ ተጸየፈኝ ይላል" አሉኝ። ሰው ሲመዝኑ ቁጥሩን አይተው ብቻ አይለቁትም። ክንዱን በጣታቸው ከበብ ያደርጉታል፣ ባቱን ይዳብሳሉ፣ የጉንጩን ቆዳ ቀስ ብለው ይይዛሉ። ሚዛን አጥንትም ውኃም ሥጋም አንድ ላይ ነው የሚመዝነው፤ የቱ እንደጎደለ አይናገርም ይሉ ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን ጥያቄያቸው ነው። እኔ አዲስ በነበርኩ ጊዜ፣ "በደንብ ትበላላችሁ?" ብዬ እጠይቅ ነበር። ክርስቲያኑ "ተመስገን" ይለኛል፣ እስላሙ "አልሐምዱሊላህ" ይለኛል፤ እኔም እሱን ጽፌ አልፋለሁ። አንድ ቀን ጋሽ አራጋው ሰሙኝና ሕመምተኛው እስኪወጣ ጠበቁ።

"'በደንብ ትበላለህ ወይ' ስትዪው እኮ የጠየቅሽው ክብሩን ነው" አሉኝ። "ማን ነው አልበላም የሚልሽ? 'ትናንት ጠዋት ምን በላህ? ምሳህስ? እራትህስ?' በዪው። ያኔ ሆዱን ጠየቅሽው ማለት ነው።"

ከዚያ በኋላ መልሱ ተለወጠ። "ጠዋት ምንም፣ ቀን ቆሎ፣ ማታ የማሽላ እንጀራ በጨው።" እንዲህ ሲሉኝ ነው ሥራዬን የጀመርኩት ማለት እችላለሁ።

ኤች አይ ቪ ያኔ መድኃኒት አልነበረውም። ከማልረሳቸው አንዱ ሮቢት ገበያ አጠገብ በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው። ሱሪው እየሰፋው በሄደ ቁጥር ራሱ በስፌት መኪናው ያጠብበዋል። ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጣ የሱሪው ጎንና ጎን ላይ አራት መስመር ስፌት ቆጠርኩ። እናቱ ተከትለውት ገብተው፣ "ዶሮ አርጄለታለሁ፣ ወተት አላቋረጥኩበትም። እንዲያው ያበላሁት የት ነው የሚገባው?" አሉ።

ጋሽ አራጋው ወንበራቸውን ወደ እናትየው አስጠጉ። "ሰውነቱ ውስጥ በሽታ ነው ያለው እናቴ። ቁጭ ብሎ እንኳ ሲያርስ እንደዋለ ሰው ነው የሚደክመው። ከሚበላው በሽታው ይወስዳል፣ የቀረውን ተቅማጡ ይወስዳል። አፉም ቆስሏል፣ እንደ ልቡ አይበላም። የእርስዎ ጥፋት አይደለም።" ከዚያ ገንፎ ቀጠን አድርገው፣ ዘይት ጠብ አድርገውበት፣ ጥቂት ጥቂት ደጋግመው እንዲያበሉት፣ ውኃውን አፍልተው እንዲያጠጡት ነገሯቸው። ልጁ ወር አልቆየም። እናትየው ግን ከቀብሩ በኋላ መጥተው አመሰገኑ። ያኔ የነበረን መድኃኒት ገንፎና የዚያ ዓይነት ንግግር ነበር።

ዘጠናዎቹ ላይ ወደ ቆቦ አካባቢ ተዛወርኩ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀመረና ሥልጠና ወስጄ ክፍሉን ተረከብኩ። ያንን ጊዜ ላላየ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። በቃሬዛ የገባ ሰው በሦስት ወሩ በእግሩ ይመጣል። አንድ ሠራተኛችን ሬሳ ይሆናል ብሎ ያስገባውን ሰው ኋላ ገበያ ላይ በሬ ሲጎትት አይቶ ሰላም ለማለት ፈርቶት እንደነበር ነግሮኛል።

ካላሰብኩት ነገር አንዱ ግን ረሃቡ ነው። አያ ሰይድ ከቆቦ በታች ቆላው ላይ ማሽላ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። መድኃኒት ከጀመሩ በሁለተኛው ወር ቀጠሯቸው አለፈ። በሦስተኛው ወር በሰው አስጠርቻቸው መጡ።

"አያ ሰይድ፣ መድኃኒቱን ምን አደረጉት?"

"ተውኩት።"

"ለምን?"

ጥያቄውን ለወጥኩ። ትናንት ምን እንደበሉ ጠየቅኳቸው፤ ያኔ ሳቅም ለቅሶም የተቀላቀለበት ድምፅ አወጡ። "እሱን ተይው። መድኃኒቱ ያስርበኛል ሲስተር። ወላሂ፣ እንደ ጅብ ነው የሚያደርገኝ። ድሮ ታምሜ እህል ሲያስጠላኝ ልጆቼ ይበሉ ነበር። አሁን የእነሱን እኔ እየበላሁ ነው። ትንሿ እጄን እያየች ትቀመጣለች። አባት ነኝ እኮ! የልጅ ድርሻ በልቶ መዳን ምኑ መዳን ነው?"

ሥልጠናው ላይ የተባለውን ነገርኳቸው። ለካ መድኃኒቱ በሽታውን ሲይዘው ሰውነት የተወሰደበትን ሁሉ መልሱልኝ ይላል፤ ረሃቡ የመዳን ምልክት ነው። እሳቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። "አብሽሪ፣ ገብቶኛል። ግን ከየት አምጥቼ ልመልስለት?" አሉኝ። ለዚህ ሥልጠናው መልስ አልነበረውም።

የነበረን ፕላምፕኔት ነው፣ በፓኮ የሚመጣው ለስለስ ያለው የኦቾሎኒ ምግብ። እሱም ለከሳ ሰው ብቻ ነው፤ ክንዱ ተለክቶ ከተወሰነው ውፍረት ሲያልፍ ይቋረጣል። አያ ሰይድ ይህን ሲሰሙ፣ "እንግዲያ ስወፍር ትቀጡኛላችሁ" አሉ። ባለቤታቸውን ይዘው እንዲመጡ አደረግኩ፤ ሦስታችን ተቀምጠን የእሳቸው ፓኮ የእሳቸው፣ የቤቱ እንጀራ የልጆቹ እንዲሆን ተስማማን። ልጆቹ ፓኮውን እንዳይልሱት ባለቤታቸው ከሣጥን ቆልፈው ያስቀምጡት ነበር። በዚያ ዓመት ደግሞ ደግነቱ ጎርፉ በጊዜው ከተራራው ወርዶ ማሳውን አጠጣና ማሽላው ያዘ። አያ ሰይድ መድኃኒቱን ዳግመኛ አልተዉም።

ለተብርሃን የመጣችው በዚያው ዓመት ነው። ቆቦ ገበያ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበራት። ቤተሰቦቿ ከደቡብ ትግራይ መጥተው ከከተሙ ቆይተዋል፤ አማርኛዋ የቆቦ ነው፣ ስትቆጣ ግን ትግርኛዋ ይቀድማል። ባሏ ሞቶ አንዲት ሴት ልጇንና ታናሽ እህቷን ምሕረትን ይዛ ትኖራለች። ስትመጣ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ነበረች፤ ምሕረት ደግፋ ነው ሚዛኑ ላይ ያወጣቻት። ዓመት ሳይሞላት ስልሳ አራት ገባች።

"ሲስተር፣ ቀሚሴ እምቢ አለኝ እኮ!" ትለኛለች እየሳቀች።

"እሰይ! ጨርቅ እንደሆነ ሞልቶሻል፣ ሌላ አሰፊ" እላታለሁ።

ኮራሁባት። መድኃኒቱን ለመጀመር የሚፈሩ ሰዎች ሲመጡ እሷን ከወረፋው ጠርቼ አሳያቸዋለሁ፤ እሷም የድሮ ፎቶግራፏን ከቦርሳዋ አውጥታ "ይቺ እኔ ነበርኩ" ትላቸዋለች። ስንት ሰው በእሷ ምክንያት እንደጀመረ አላውቅም፤ ብዙ ነው።

ከዚያ በኋላ በነበረው የካቲት፣ ዓቢይ ጾም እንደገባ፣ ከቀጠሮዋ ቀድማ መጣች።

"የበላሁትን ይመልሰኛል ሲስተር። ሆዴንም ይይዘኛል።"

ወረፋው ረጅም ነበር። ካርዷን እንኳ በደንብ ሳልገልጥ፣ "ጾሙ ነዋ! ባዶ ሆድ ውለሽ በርበሬ ትበዪበታለሽ፣ ጨጓራሽ ምን ያድርግ?" አልኳት።

"ክኒኑ ይሆን እንዴ?"

"ክኒኑማ ከሞት ያነሳሽ አይደለም? እሱን እንዳታቋርጪ!" ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ወረፋው ላይ ያሉትም እንዲሰሙ።

ትንሽ አየችኝ። "እሺ፣ አንቺ ካልሽ" ብላ የሰጠኋትን የጨጓራ ሽሮፕ ይዛ ሄደች።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰች። አራት ኪሎ ቀንሳለች። ከሱቅ እስከ ቤት ለመድረስ ሦስት ቦታ እንደምታርፍ ነገረችኝ። መድኃኒቱን እያቋረጠች መስሎኝ ጠርሙሱን አስመጥቼ ክኒኖቹን ቆጠርኩ፤ አንድም የተዘለለ የለም። ታዲያ እዚያ ላይ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን ፕላምፕኔት ጨመርኩላትና "በርትተሽ ብዪ" ብዬ አሰናበትኳት። ከጀርባዬ መደርደሪያው ላይ የሥልጠናው መጽሐፍ አለ፤ እሷ ከምትወስዳቸው አንዱ፣ ስታቩዲን የሚባለው መድኃኒት፣ ይበልጡን ወፈር ባሉ ሴቶች ላይ፣ ከወራት በኋላ ሊያመጣ የሚችለው ነገር አንድ ገጽ ሙሉ ተጽፎበታል። ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ድካም፣ ክብደት መቀነስ። ፈተናውን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ በትክክልም መልሻለሁ።

ለሦስተኛ ጊዜ ምሕረት በባጃጅ ይዛት መጣች። ሮጦ የመጣ ሰው እንደሚተነፍስ ነው የምትተነፍሰው፤ ግን ተኝታ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። አምቡላንስ አስጠርቼ ወደ ሆስፒታል እንድትሄድ ወረቀቷን ስጽፍ እጄን ያዘችኝ።

"የዛሬውንም ወስጃለሁ ሲስተር" አለችኝ።

በማግሥቱ አረፈች።

ለቅሶ ሄድኩ። ምሕረት አጠገብ ተቀመጥኩና የሚባል ነገር ጠፍቶኝ፣ "ጾሙም ጎድቷት ነበር" አልኩ።

ምሕረት ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። "ጾም? መቼ ጾማ? የንስሐ አባቷ 'መድኃኒት ላይ ነሽ፣ ብዪ' ብለዋት እንቁላልም ሥጋም ስትበላ ነው የከረመችው። እኔ ነኝ የምሠራላት።"

ትናንት ምን በላሽ ብዬ ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ቀን ላይ ትነግረኝ ነበር። እንቁላልና ሥጋ እየበላች የምትከሳ ሴት ጾም አልጎዳትም ማለት ነው፤ ሌላ ነገር መፈለግ ነበረብኝ። ለስንቱ ገበሬ ስጠይቅ የኖርኩትን ጥያቄ እሷን አልጠየቅኳትም፤ መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበርና።

በሳምንቱ ከሆስፒታሉ ሐኪም ስልክ መጣ። መድኃኒቱ ሰውነቷ ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጥበትን መንገድ አውኮት ደሟ ውስጥ አሲድ ተጠራቅሞ እንደነበር አስረዳኝ። "ቶሎ መድኃኒቱን ማቆምና መለወጥ ነበር" አለ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በወሩ መጨረሻ የሞቱ ሰዎችን ምክንያት የምንነጋገርበት ስብሰባ ነበረ። የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን የሪፖርት ሰው ነው፤ ስሟ ሲነሳ፣ "መድኃኒት አቋርጣ ይሆናላ" አለና ጻፈ። ክኒኖቹን በእጄ ቆጥሬያለሁ። የሐኪሙን ስልክም ሰምቻለሁ። ግን አፌን አልከፈትኩም። ወሬ ከስብሰባ አይቀርም፤ ወር ሳይሞላ ለተብርሃን መድኃኒቷን ጥላ ሞተች መባሉን ከገበያ ሰማሁት። አንዳንዶቹ ሕመምተኞቼም "እንዳትተዉ፣ የለተብርሃንን አያችሁ" እየተባባሉ ይመካከሩበት ነበር። ዝም ብዬ እሰማለሁ።

አልቻልኩምና አንድ እሑድ ሮቢት ሄድኩ። ጋሽ አራጋው ጡረታ ወጥተው ጓሯቸው ውስጥ ፓፓያ ይኮተኩቱ ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። መኮትኮቻውን ይዘው ቆመው ሰሙኝ። እኔ ሳልጠይቃት መቅረቴን ስነግራቸው ብቻ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። አላጽናኑኝም፣ አልነቀፉኝምም።

"እህቷ ታውቃለች?" አሉ።

"ከእኔ አልሰማችም።"

"ሂጂና ንገሪያት።"

"እሺ ጋሼ" አልኳቸው። አልሄድኩም። ዛሬ ነገ ስል ዓመት አለፈ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ነገሩ የተረሳ መሰለኝ። ጋሽ አራጋው ዳግመኛ ሳይጠይቁኝ አረፉ።

ሥራዬ ግን ተለወጠ። አያ ሰይድ መድኃኒት ከጀመሩ ሦስተኛው ዓመታቸው ላይ አንድ ቀን ፊታቸውን በኩታ ሸፍነው ገቡ። ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ክብደታቸው ያው ነው፤ አንድ ኪሎም አልጎደለም። እንደ ድሮው ብሆን "ደህና ነዎት" ብዬ እሸኛቸው ነበር።

"ኩታውን እስኪ ያንሱት" አልኳቸው።

ጉንጫቸው ገብቷል። ጋሽ አራጋው ያደርጉት እንደነበረው ክንዳቸውን በጣቴ ከበብኩት፣ ባታቸውን ዳበስኩ። ከቆዳው ሥር የሚገኘው ስብ ጠፍቶ የደም ሥራቸው እንደ ገመድ ወጥቷል፤ ሆዳቸው ግን ተልቋል። ከፊትና ከክንድ የሄደው ሆድ ላይ ስለተጨመረ ነው ሚዛኑ ያልተናገረው፤ ይህም የዚያው የስታቩዲን ሥራ ነው።

"ትናንት ምን በሉ?"

"ደህና ነው የበላሁት። ገንፎ በወተት፣ ምሳ እንጀራ በሽሮ፣ ማታም እንደዚያው። እህል አልጎደለብኝም ሲስተር። ግን ሰርግ ቤት ስገባ ሰው ፊቴን ያይና ይንሾካሾካል። 'ያ በሽታ ተመለሰበት' ይላሉ። ድሮ ስታመም ማንም አላወቀብኝም፤ ስድን ነው ያወቁብኝ።" ቀጠል አድርገው ደግሞ፣ "እግሬም መሬቱን አይሰማውም። እሾህ ቢወጋኝ ደሙን አይቼ ነው የማውቀው" አሉ።

ወዲያው ወደ ኃላፊያችን ገባሁ። መድኃኒታቸው እንዲለወጥ ለሆስፒታሉ እንጻፍ አልኩ። ኮምፒውተሩን እያየ፣ "ክብደቱ እኮ አልቀነሰም" አለኝ።

"ና እይ።"

"መመሪያው..."

"መመሪያው ላይ አለ። ገጹን ላምጣልህ?" መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውርጄ ፊቱ ላይ ዘረጋሁት። ይህን ያህል ዓመት ሠርቼ ከአለቃ ጋር እንዲያ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ተነስቶ መጣ፣ አያ ሰይድን አየ፣ ደብዳቤውን ፈረመ።

መድኃኒታቸው ተለወጠ። እግራቸው ቀስ በቀስ መሬቱን መስማት ጀመረ። ፊታቸው ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ የሄደው ስብ በቀላሉ አይመለስም። "ምን ቸገረኝ፣ አላህ ነፍሴን ካተረፈ" አሉ፤ ግን ጢማቸውን አሳደጉ። በዚያ ዓመት ካርድ ሁሉ እያገላበጥኩ ስታቩዲን የሚወስዱትን አንድ በአንድ ጠርቼ ክንዳቸውን ዳብሻለሁ። ሁለት ሴቶች እንደ ለተብርሃን ማስመለስ ጀምሯቸው አግኝቼ በሰዓቱ ልኬያቸው ተርፈዋል። ቆይቶም ያ መድኃኒት ከነጭራሹ ቀርቶ ሌላ መጣ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ሥራ ደግሞ ሌላ ነበር። ብሉ ብዬ የለመንኳቸው ሰዎች አርባና ሃምሳ ዓመት አለፋቸው፤ ሆድ አወጡ፣ ደም ግፊት መጣ፣ ስኳር መጣ። ዕድሜውም፣ መድኃኒቱም፣ ራሱ በሽታውም የየድርሻቸውን ያዋጣሉ። ጎብዬ ላይ ሻይ ቤት የከፈቱ አንዲት ሕመምተኛዬ ስኳር መቀነስ አለብዎት ስላቸው፣ "ሻይ ቤት ይዤ?" ብለው አፈጠጡብኝ። አያ ሰይድም ስኳራቸው ከፍ አለ። ዘይትና ጣፋጭ ይቀንሱ፣ ማሽላውንም መጠን ያድርጉለት አልኳቸው።

እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ሳቁ። "ኧረ በአላህ! ያኔ እህል ሳይኖረኝ ብላ አልሽኝ። አሁን ጎተራዬ ሲሞላ ተው ትይኛለሽ። አንቺ ሴትዮ ከእህሌ ጋር ምን አለሽ?"

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሁለታችንም ትናንት የበሉትን አንድ በአንድ አወራን።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ነሐሴ ገባ። ስለ እንከን የለሽነቴ የተነገረኝ ንግግር እያሳደደኝ ከርሞ አንድ ጠዋት ተነስቼ ወደ ገበያው ሄድኩ። የለተብርሃንን ሱቅ አሁን የያዘችው ምሕረት ናት። ጸጉሯ ሸብቷል። ከጀርባዋ አንዲት ወጣት ጨርቅ ታጥፋለች፤ የለተብርሃን ልጅ ፍሬወይኒ ናት፣ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣች።

"ለብቻሽ ላናግርሽ ፈልጌ ነው" አልኳት ምሕረትን። ወደ በረንዳው ወጣን። የቆመ ሚኒባስ ረዳቱ ወልዲያ ወልዲያ እያለ ይጮሃል። ጾሙ ነው ማለቴን፣ አለመጠየቄን፣ ውሰጂ ማለቴን፣ ስብሰባው ላይ ዝም ማለቴን ነገርኳት። ሳላቋርጥ ነው የነገርኳት፤ ባቋርጥ እንደማልጨርሰው አውቀው ነበር።

ምሕረት የሱቁን በር ገፋ አድርጋ ዘጋችው። "ክኒኑ እንደገደላት ሐኪሙ ባረፈችበት ቀን ነግሮኛል" አለች። "እንደማታውቂ አስቤ ነበር። ማወቅሽን ነው ያላወቅኩት።"

"አውቅ ነበር።"

"አሥር ዓመት?"

"አሥር ዓመት።"

ጥርሷን ነክሳ ራሷን ነቀነቀች። "ያቺ ልጅ እናቷ መድኃኒቷን ጥላ እንደሞተች ነው የምታምነው። ትምህርት ቤት ልጆች ነግረዋት መጣች። አይደለም ብያት ነበር፤ ለእህቴ የማዳላ መሰላት። ከእኔ አትቀበልም። ግቢና አንቺ ንገሪያት።"

ገባን። ፍሬወይኒ ማጠፏን አቆመች። ምን እንዳልኩ ቃል በቃል አላስታውስም፤ እናትሽ አንድም ቀን አላቋረጠችም፣ ክኒኖቹን በእጄ ቆጥሬያለሁ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ። ድምፅዋ የእናቷ ነው። "እኔ ግን፣ ለእኔ ስትል እንኳ መዋጥ አቃታት እያልኩ ነው ያደግኩት።"

"ትውጥ ነበር" አልኳት። "በስንት ሰዓት ትወስጃለሽ ብዬ ጠይቄያት ነበር። 'ሰዓት አላስርም። ልጄ ለትምህርት ቤት ቦርሳዋን ስታነሳ እውጣለሁ፣ ሰዓቴ እሷ ናት' ብላኛለች።"

ፍሬወይኒ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለእኔ ሳይሆን ለአክስቷ፣ "የምትውጠውን የጨጓራ ነው ትለኝ ነበር" አለች። "ቦርሳዬን ይዤ ስቆም ነዋ። ውኃውን እኮ የማቀብላት እኔ ነበርኩ። በባጃጅ የሄደች ቀንም አቀብያታለሁ።"

ምሕረት ሄዳ አቀፈቻት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። መቀመጥም መሄድም አልቻልኩም።

ቆይታ ምሕረት እስከ ባጃጁ ሸኘችኝ። "አሁን ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል" አለች።

"ይገባኛል።"

"ልጅቷ ግን የምትጠይቅሽ ብዙ ነው። ተመልሰሽ ነዪ።"

ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ።